ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ልብን የሚጠብቅ ማዕድ



በዚህ ርእስ እንደምናገር የሰሙ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ከረኃብ ጋር ስንታገል በኖርንበት አገር ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም እጥረትና ትርፍ በአንድ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ ይሠራል፤ ውጭ አገር ሄደው ተሠርተው የሚመለሱ አሉ፤ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም እዚያው ይሠራላቸዋል። ሐኪሙ የትም ይሁን የት፣ ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ የሚቀመጠው በእኛው መሶብ ዙሪያ ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚያ መሶብ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልግለጽ። ክብደት ቀነሰ ማለት ልብ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ለልብ ይስማማል እየተባለ በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ምክር ደግሞ ሙሉ ጨጓራ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው እንዳለ ቢሰጥ አንዳንዱ አይፈጸምም፤ አንዳንዱም ይጎዳል።

በመጀመሪያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ጥቂት ልበል። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ እንደ ሙዝ የጠበበና የረዘመ ቱቦ ነው። መጠኑን በዓይነ ኅሊናችሁ ለማየት ሁለት የቡና ሲኒ አስቡ። ጋስትሪክ ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ይለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል፤ ምግብ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መነሻ ሳይነካ ያልፋል። ይህን ስልት በ1960ዎቹ በአሜሪካው የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ቦታ በማጥበብ ብቻ አይደለም። በተለይ በስሊቭ የረኃብን መልእክት የሚያደርሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጥጋብን የሚያሳውቀውና ለኢንሱሊን ሥራ የሚያግዘው ጂ ኤል ፒ-1 ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ለልብ ምን አስገኘ? ከረጅም ጊዜ ጥናቶች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረውና በላርስ ሾስትሮም የተመራው ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 2,010 ሰዎች፣ ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ደግሞ 2,037 ነበሩ። ዕጣ አልተጣለባቸውም፤ በዘመኑ ቀዶ ሕክምናው የሚያስከትለው የሞት አደጋ ተፈርቶ ዕጣው አልተፈቀደም። አብዛኞቹ የተሠሩትም ዛሬ እምብዛም በማይሠራበት ስልት ነው። ጥናቱን የምትጠቅሱ ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ነጥቦች አብራችሁ ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 28፣ ከማነጻጸሪያው ወገን 49 ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሲጀመር እጅግ ወፍራም የነበረው ሰው ከሌላው የበለጠ የልብ ጥቅም አላገኘም፤ ጥቅሙን የተሻለ የጠቆመው በመነሻው ላይ የነበረው የኢንሱሊን መጠን እንጂ ሚዛኑ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የዚያው ጥናት ተከታይ ወጣ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ዕድሜ ካልተደረገላቸው አቻዎቻቸው በ3 ዓመት ይረዝማል፤ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ግን በ5.5 ዓመት ያጥራል። ጉድለቱ ሁሉ ከምግብ የመጣ ነው አልልም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለፉት የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ዓመታት በደም ሥር ላይ የተዉት አሻራ በአንድ ቀን አይፋቅም። ክብደቱም ቢሆን ወርዶ አይቀርም፤ በዚሁ ጥናት ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቢቀንሱም፣ በ10ኛው ዓመት የቀረው ቅናሽ 25 በመቶ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ታካሚው በየቀኑ በገዛ እጁ ሊለውጠው የሚችለው ሳህኑን ነው።

ሚዛንና ልብ ሁለት ነገር መሆናቸውን በሌላ መንገድ ያሳየ አንድ ቆየት ያለ ሥራም አለ። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ቡክዋልድ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው በተረፉ 838 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ለግማሾቹ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል ከምግብ መንገድ ውጭ ተደረገ። ዓላማው ማክሳት አልነበረም፤ የሐሞት ጨው ተመልሶ እንዳይመጠጥ በማድረግ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም እንዲስብ ማስገደድ ነበር። ጎጂው ኤል ዲ ኤል ኮሌስትሮል ከማነጻጸሪያው ወገን በ38 በመቶ ያህል ዝቅ አለ፤ የልብ አደጋውም ቀነሰ። ዛሬ ለዚህ መድኃኒት ስላለን ማንም አንጀቱን አያስቆርጥም። ትምህርቱ ግን ይጠቅመናል፤ ልብ የሚያየው በደም ውስጥ የሚዞረውን ነው። ስሊቭ የተደረገለት ሰው ትራይግሊሰራይዱ ወርዶ፣ ሚዛኑም ተስተካክሎ፣ ኤል ዲ ኤሉ ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ባይፓስ ይሻላል። ስለዚህ ሱሪው ስለሰፋው ብቻ የኮሌስትሮል መድኃኒቱን የሚያቆም ታካሚ ተሳስቷል።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። የደም ግፊትን በምግብ ለመቀነስ በአሜሪካ የተጠናውና እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቀው ዳሽ የተባለ አመጋገብ በቀን ከ4 እስከ 5 ድርሻ አትክልት፣ ያንኑ ያህል ፍራፍሬ፣ ከ6 እስከ 8 ድርሻ እህል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። መልካም ምክር ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ሲኒ መስፈር ግን አይቻልም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ታካሚ በቀን የሚያገኘው ጉልበት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ካሎሪ በታች ነው። ቦታው ሲጠብ ጥያቄው «ምን ይጠቅማል?» መሆኑ ይቀርና «ምን ይቅደም?» ይሆናል።

የሚቀድመው ፕሮቲን ነው፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። ምክንያቱ ጡንቻ ነው። በፍጥነት የሚከሳ ሰው ስቡን ብቻ አያጣም፤ ልብም ጡንቻ መሆኑን አንርሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለመክሳት ሲሉ ከእንስሳት ቆዳና ጅማት የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ እየጠጡ የሰነበቱ በርካታ ሰዎች በልብ ምት መዛባት ሞተዋል። ፕሮቲኑ ኮላጅን ነበር፤ ሰውነት ከሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶች ዋና ዋናዎቹ የጎደሉት። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ቤት የታመመ ሰው የሚጠገነው በአጥንት መረቅ ነው። መረቅ ያሞቃል፣ ያጽናናል፣ ፈሳሽም ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በአብዛኛው ያው ኮላጅን ነው። «መረቅ ስለጠጣ በቂ ምግብ አግኝቷል» የሚለው አነጋገር በዚህ ታካሚ ፊት መታረም አለበት።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 60 ግራም ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ ንጹሕ ምስር ያስፈልጋል፤ ይህም ሽንኩርቱና ውሃው ሳይቆጠር ጨጓራውን አምስት ስድስት ጊዜ በምስር ብቻ መሙላት ነው። ያንኑ ያህል ፕሮቲን 200 ግራም ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ዓሣ ለስላሳ ስለሆነ በጠበበው ጨጓራ ከቀይ ሥጋ ይልቅ ይቀላል፤ ለልብም ይበጃል። ስለ አይብ ደግሞ ልዩ ቃል አለኝ። አይባችን ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራ በመሆኑ ስቡ ጥቂት ነው፤ ልስላሴው ለተሠራ ጨጓራ የተመቸ ነው። ከውጭ የገቡ የፕሮቲን ዱቄቶችን በውድ ዋጋ የሚገዙ ሰዎች ጓዳቸው ያለውን አይብ ሲዘነጉት አያለሁ። ሽሮም ቢሆን ቀጭኑና ተጋቢኖው አንድ አይደሉም፤ ቀጭኑ በአብዛኛው ውሃና ዘይት ነው።

የአበላል ሥርዓታችን ግን ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። እኛ ወጡን የምናነሣው በእንጀራ ጠቅልለን ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ የሚበልጠው እንጀራው ነው። ሙሉ ጨጓራ ላለው ሰው ችግር የለውም። ለዚህ ታካሚ ግን ወጡን በማንኪያ፣ በራሱ ትንሽ ሳህን፣ መጀመሪያ ፕሮቲኑን፣ ቀጥሎ ጎመኑን ወይም ፎሶሊያውን፣ ቦታ ከተረፈ ደግሞ ቁራሽ እንጀራ እንዲበላ እንመክራለን። ከትሪ ተነጥሎ መብላት በባህላችን ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ ጉርሻ ነው።

ጉርሻን ከልብ ሕመም ጋር ማገናኘቴ እንግዳ ቢመስላችሁም ታገሡኝ። አንዲት እናት ውጭ አገር ስሊቭ ተደርጎላቸው ተመለሱ። ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደኅና መጡ» እያለ ይጠይቃቸዋል፤ የጠየቀ ሁሉ «በሞቴ» እያለ ያጎርሳቸዋል። በደንብ ያልታኘከ ትልቅ ጉርሻ በጠባቡ ቱቦ አያልፍምና ይመለሳል። እርሳቸውም ቤተሰቡም ማስመለሱን የቀዶ ሕክምናው ጠባይ አድርገው ቆጠሩት። ሦስት ሳምንት አለፈ። ሲደክማቸው ስኳር የበዛበት ጭማቂ ተሰጣቸው፤ በአንድ ክሊኒክ ደግሞ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ተንጠለጠለላቸው። ወደ እኛ ሲመጡ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ልባቸው በኃይል እየመታ ነበር። የልብ ድካም ነው፤ የደም ሥራቸው ግን አልተዘጋም። የጎደላቸው ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ነበር። ሰውነት የሚያከማቸው ታያሚን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ አይዘልቅም። የልብ ጡንቻ ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጠው በእርሱ ነውና፣ ታያሚን በሌለበት ግሉኮስ ሲጨመር ጥቂቱ ክምችት ይባስ ይሟጠጣል። ታያሚን በደም ሥር ከተሰጣቸው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሹም ተመለሰ። ቢዘገይ ኖሮ አእምሮንና የዓይንን እንቅስቃሴ የሚጎዳው ሌላው ገጽታ ይከተል ነበር፤ እርሱ ሁልጊዜ አይመለስም።

የሕክምና ተማሪዎች ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ከግሉኮስ በፊት ታያሚን ይሰጠዋል። ለቤተሰብ የምነግረው ደግሞ ይህን ነው፦ ፍቅራችሁን በጉርሻ አትግለጹ፤ ማስመለስ ከሁለት ሦስት ቀን ከዘለቀ ሐኪም ዘንድ አድርሱ።

ስለ ቅባት ለብቻው መናገር አለብኝ። በአንድ ወቅት ለልብ ሕሙማን የሚሰጠው ምክር ቅባትን በሙሉ መቀነስ ነበር። በስፔን በ7,447 ሰዎች ላይ የተደረገው ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ በዕጣ አደላደሉ ላይ ጉድለት ስለተገኘ ተሰርዞ እ.ኤ.አ. በ2018 ታርሞ እንደገና ታተመ። የወይራ ዘይት ወይም ለውዝና መሰል ፍሬዎች ያልተቆጠበበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ፣ ቅባት ከቀነሰው ምክር ይልቅ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ30 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለእኛ ታካሚ ይህ ከዳሽ ይልቅ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። ዘይት ቦታ አይፈጅም፤ ጥራቱን መለወጥ የጨጓራን ስፋት አይጠይቅም። የወይራ ዘይት ዋጋው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም፤ እርሱ የግድም አይደለም። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ለልብ የሚስማማ ቅባት ነው፤ ሱፍም እንዲሁ። በአንጻሩ በየቤቱ «የሚረጋው» የምንለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤል ዲ ኤልን የሚያሳድግ ቅባት ነው። የንጥር ቅቤ ከዚያም ይብሳል። ቅቤ ፈጽሞ አይነካ ማለቴ አይደለም፤ ለመዓዛ የሚጨመር የሻይ ማንኪያ ሌላ ነው፣ በክትፎ ላይ የሚዋኘው ሌላ ነው።

ፍራፍሬና አሰር ያለው እህል በጊዜያቸው ይመጣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጨጓራው ሲለማመድ የገብስ ቂንጬና በሶ ጥሩ መግቢያ ናቸው፤ በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን ኮሌስትሮልን ይቀንሳል። የተፈጨ ተልባም እንዲሁ፣ በማንኪያ። ፍራፍሬ ግን ይበላል እንጂ አይጠጣ። በጭማቂ ቤት የሚቀርበው በስኳር የጣፈጠ እስፕሪስ ባይፓስ ላለው ሰው አደገኛ ነው፤ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ሲወርድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ የደም ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። አቮካዶ ያለ ስኳር በማንኪያ ቢበላ ግን ለልብ ከተመረጡት አንዱ ነው። ጠጅንና አረቄን በተመለከተ አጭር ነው ቃሌ፦ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነትና በብዛት ነውና፣ የቀድሞውን ልክ ማመን አይቻልም።

የጾም ነገር ብዙ ጊዜ የምጠየቅበት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህ አመጋገብ ሙሉ ጨጓራ ላለው ሰው ልብን የሚጠቅም ብዙ ነገር አለው፤ ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ የቅቤው መቅረት። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ግን ቅድም በምስር የሠራነውን ስሌት አስታውሱ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ የተቆረጠው ጨጓራ ደግሞ ያንኑ ለመምጠጥ የሚረዳውን አሲድና ፕሮቲን ይቀንሳል። ስለዚህ ጾሙና ቀዶ ሕክምናው ጉድለቱን ይደራርቡታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋልም፣ በጥቂት በጥቂቱ እየጠጣ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ማዳረስ ላለበት ሰው ከባድ ነው። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊም ታካሚዎችም ያንኑ ውሃ በሌሊት ማዳረስ አለባቸው፤ በማፍጠሪያ የሚበላው ተምር ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ከአንድ ፍሬ ባይበልጥና ቀስ ተብሎ ቢበላ ይመረጣል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። እኔ ታካሚዎቼን የምመክረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደ ነፍስ አባታቸው ወይም ወደሚያምኑት ዓሊም ሄደው እንዲነጋገሩ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጾሙ ይቆይ እላለሁ። ሐኪም «ጾም ተው» ብሎ በሩን ከዘጋ ታካሚው ተደብቆ ይጾማል፤ ያኔ ማንም አይከታተለውም።

ስለ ጨውና መድኃኒት ለልብ ሐኪሞች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው የሚለው ምክር ለዘለቄታው ትክክል ነው፤ በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ የሚገባው ጨውም ይቆጠር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሰውየው የሚጠጣው ጥቂት ነው፣ ግፊቱም ይወርዳል። የቀድሞው የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያስወጣው ኪኒን ሳይከለሱ ከቀጠሉ ታካሚው ሲነሣ ይወድቃል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። የስኳር መድኃኒትም እንዲሁ ወዲያው ይከለስ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባይፓስ ላለው ሰው ቁስል ያመጣሉ፤ ለልብ የሚታዘዘው አስፕሪን ግን በታካሚው ፈቃድ የሚቆም ሳይሆን ሐኪም የሚወስነው ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ብረትና ካልሲየም በሁለት ሰዓት ይራራቁ፤ ውሃም ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠጣ።

በመጨረሻ ለሥነ ምግብ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። የአገራችን የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ የሚናገረው በ100 ግራም ነው፤ ታካሚው የሚበላው በማንኪያ ነው። የተጋቢኖ ሽሮ፣ የድፍን ምስር፣ የአይብና የዓሣ ወጥ አንዲት የሾርባ ማንኪያ በተለያዩ ቤቶች አበሳሰል ተመዝና፣ ፕሮቲኗ፣ ጨዋና ቅባቷ ተለክቶ በአንድ ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ቢዘጋጅ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ታካሚ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃዋል። ማማከር ካስፈለገ የቢሮዬ በር ክፍት ነው።